ከመድረክ በፊት ክብ

ሰኔ ሲገባ የየመዋዕለ ሕፃናቱ የወላጆች ቀን ይደርሳል። አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ልጆች የኪራይ ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይሰለፋሉ። ዘፈኑ ከድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ መምህርቷ ከመድረኩ ሥር ቆማ እጇን ታወዛውዛለች፤ ልጆቹም ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ያሳየቻቸውን ይደግማሉ። ለዚያ አራት ደቂቃ ሁለት ወር ሙሉ ተለማምደዋል። በሁለቱ ወር ውስጥ ግን በራሱ ድምፅ የዘመረ፣ የጓደኛውን ምት ሰምቶ የመለሰ፣ «ጅቡ አሁን ምን ይበል?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ የለም።

ይህን የምንጽፈው ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የዜማ፣ የውዝዋዜና የድራማ ክፍል ለመክፈት ላሰቡ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ለሚያስተምሩ፣ ልጃቸውን የት እንደሚያስመዘግቡ ለሚያወጡ ለሚያወርዱ ወላጆችም ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁን የሚጠቅመው ክብ ሠርቶ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። መድረኩ ይቆየው፤ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጠይቃል።

ስለ ጥቅሙ ብዙ ይባላል፤ ከሚባለው ብዙው ግን አይጣራም። «ሙዚቃ ልጅን ብሩህ ያደርጋል» የሚለው ወሬ የተስፋፋው በ1993 እ.ኤ.አ. ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ካወጣው አጭር ጥናት ነው። የተጠኑት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ሞዛርትን ለ10 ደቂቃ ሰምተው ቅርጽን በሐሳብ በማገላበጥ ፈተና ጥቂት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ለውጡም ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚነግረን ነገር የለውም። ይልቅ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሌን ሼለንበርግ ካናዳ ውስጥ አጥንቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይጠቅመናል። 144 የስድስት ዓመት ልጆች በዕጣ በአራት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ኪቦርድ፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ድራማ ተማረ፣ አራተኛው በዚያ ዓመት ምንም አልተማረም። ሙዚቃ የተማሩት በአእምሮ መለኪያ ፈተና ከቀሩት የበለጡት በጥቂት ነጥብ ነው። ድራማ የተማሩት ደግሞ ከሰው ጋር ተግባብቶ በመኖር ጠባያቸው ተሻሻለ፤ ይኸኛው በሙዚቃ ቡድኖቹ ላይ አልታየም። ተመራማሪዎቹ ኪርሽነርና ቶማሴሎ ጀርመን ውስጥ አካሂደው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራም አብረው እየዘመሩና እየተወዛወዙ የተጫወቱ የ4 ዓመት ልጆች፣ ያንኑ ጨዋታ ያለ ዜማ ከተጫወቱት ይልቅ ከጨዋታው በኋላ እርስ በርስ ሲረዳዱ ታዩ።

ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ስናያቸው ጥቅሙ አብሮ ከማድረግ የሚመጣ ነው። ልጁ ተራ ይጠብቃል፣ ይሰማል፣ ሰውነቱን ያዝ ያደርጋል፣ ሌላውን ሆኖ ይናገራል። ክፍሉ እነዚህን ካላስደረገ ስሙ ምንም ቢሆን ጥቅሙ የለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ደግሞ በውጭ መጻሕፍት የማይገኝ ሌላ ጥቅም አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ይገኛል ነው። በዓሉ ገናና «ገና አልመጣም» የምንለው ገና በጽሑፍ አንድ ናቸው። ልጅ ይህን የሚለየው በጆሮው ነው፤ ጆሮው የሚሠለጥነው ደግሞ ቃሉን በዜማና በተረት ውስጥ ደጋግሞ በአፉ ሲያወጣው ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ አካባቢ የሚያድጉ ልጆች አማርኛ ሲናገሩ ይኸው መጥበቅ ሊጠፋባቸው ይችላል። ለእነሱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠራ አስቀድሞ የተረት ድራማ ቢቀድም ይመረጣል። ፊደሉን ቤት ውስጥም መቁጠር ይቻላል፤ አብሮ የሚጫወት አሥር ልጅ ግን ቤት ውስጥ አይገኝም።

አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ቁጥር። ለ4 ዓመት ልጆች 8 ልጅ፣ 30 ደቂቃ። ለ5 ዓመት 10 ወይም 12 ልጅ፣ 45 ደቂቃ። ለ6 እና ለ7 ዓመት እስከ 14 ልጅ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። በየትኛውም ዕድሜ ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል። አንዷ ትመራለች፤ ሁለተኛዋ ሽንት ቤት ታደርሳለች፣ ከሚያለቅሰው ልጅ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ከክቡ የወጣውን ታስገባለች። አንድ መምህር ብቻ ያለበት ክፍል አንድ ልጅ «ሽንቴ መጣ» ባለ ቁጥር ይፈርሳል። የዕድሜ ልዩነቱ ከሁለት ዓመት አይለፍ፤ የ4 እና የ7 ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ሲሆኑ ትልቁ ይሰለቻል፣ ትንሹ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ክፍሉ ምን ያህል ይሁን ለሚለው ቀላል ስሌት አለ። የ5 ዓመት ልጅ ሁለት እጁን ሲዘረጋ ከጣት እስከ ጣት 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። 12 ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ክብ ሲሠሩ የክቡ ስፋት ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 5 በ6 የሆነ ክፍል ይበቃል። ከዚያ በጣም የሚሰፋ አዳራሽ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ ድምፁ ያስተጋባል፣ ልጆቹም ባዶ ቦታ ሲያዩ ይሮጣሉ። ትልቅ አዳራሽ ብቻ ካለ ጥግ ላይ በወንበር ከልሉት። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ መዝለል ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን ይጎዳል፤ እርስ በርሱ የሚገጣጠመውን የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፉ። ካልሲ አድርገው አይጫወቱ፣ ያንሸራትታል፤ ባዶ እግር ይሻላል። ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ካለ በአንሶላ ይሸፈን። የዳንስ ትምህርት ቤቶች በመስታወታቸው ይኮራሉ፤ የ5 ዓመት ልጅ ግን መስታወት ካየ ከራሱ ፊት ሌላ አያይም።

ወለሉ ላይ በቀለማም ፕላስተር 12 ምልክት በክብ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ልጅ «ቤቱ» አለው። «ወደ ቤታችሁ» ስትሉ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ጩኸት ያስቀራል።

ዕቃው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ከበሮ ወይም አታሞ። ባዶ የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ 12፤ በደንብ ደርቆ ምስር ሁለት ጣት ያህል ይገባበታል፣ ክዳኑ በማስቲሽ ተጣብቆ በላዩ በፕላስተር ይጠመጠማል። ከግማሽ በላይ ከተሞላ ፍሬው መንቀሳቀሻ ያጣና ድምፁ ይታፈናል። በሩዝ ቢሞላ ለስላሳ፣ በሽምብራ ቢሞላ ደማቅ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ በምስር፣ አንዳንዱን በሩዝ፣ አንዳንዱን በሽምብራ ብትሠሩ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው መለየት ይማራሉ። ክዳኑን በየሳምንቱ ፈትሹ፤ ፍሬ ወለል ላይ ከፈሰሰ አንዱ ልጅ አፍንጫው ውስጥ መክተቱ አይቀርም። አራት አምስት ሻሽ ወይም አሮጌ ነጠላ ጨምሩ፤ ነጠላ ወንዝ ይሆናል፣ ድንኳን ይሆናል፣ የንጉሥ ካባ ይሆናል። ጸናጽልና መቋሚያ የቤተ ክርስቲያን ንዋያት ስለሆኑ ለጨዋታ አይውሉ።

ሰዓቱን በተመለከተ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ወይም 4 ሰዓት ከሁሉም ይሻላል። በሥራ ቀን ከትምህርት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የሚደረግ ክፍል የራበውና የደከመው ልጅ ይበዛበታል፤ «ረባሽ ነው» የሚባለው ልጅ ግማሽ ዳቦና ውሃ ሲያገኝ ሌላ ልጅ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም ከመግባታቸው በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ፤ «አልመጣብኝም» ያለውም ይሂድ።

የ45 ደቂቃውን ክፍል በዚህ ቅደም ተከተል ብትመሩት ይሳካል፦ ሰላምታ 5 ደቂቃ፣ ሰውነት ማሟሟቅና የመቆም ጨዋታ 8፣ ምትና ዜማ 10፣ ተረትና ድራማ 17፣ ማረፊያና ስንብት 5። ቅደም ተከተሉ በየሳምንቱ አይቀየር፤ የሚቀየረው ውስጡ ያለው ጨዋታ ነው። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ይረጋጋል። አዲስ ነገር በአንድ ቀን ከአንድ አይበልጥ።

ሰላምታው ላይ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ከአንድ እንቅስቃሴ ጋር ይላል፣ ሌሎቹ ስሙንም እንቅስቃሴውንም ይመልሱለታል። ስሙን በጭብጨባ ስትከፍሉ ተጠንቀቁ። «ሰላም» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፣ ሲጨበጨብ ግን ሁለት፦ ሰ–ላም። «በረከት» አራት ፊደል፣ ሦስት ጭብጨባ፦ በ–ረ–ከት። ሳድሱ ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር ነው። ብዙ መምህራን ለየፊደሉ ያስጨበጭባሉ፤ ልጁ በአፉ የሚሰማውና በእጁ የሚመታው ስለሚለያዩበት ግራ ይገባዋል። በጆሮ እንጂ በፊደል አታስጨብጭቡ።

የመቆም ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ከበሮ ሲመታ ይራመዳሉ፣ ሲቆም ባሉበት ይደርቃሉ። መጀመሪያ ለ3 ሰከንድ፣ ከሳምንታት በኋላ ለ8 ሰከንድ። ስድስት ዓመት ለሞላቸው ይገልበጥ፤ ከበሮ ሲመታ ይቆማሉ፣ ሲያቆም ይራመዳሉ። ተራ ጨዋታ ቢመስልም ልጅ ራሱን መግታት የሚማርበት ዋና መሣሪያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይከልከል፦ የተሳሳተውን «ወጥተሃል!» ብሎ ማስወጣት። የሚሳሳተው ልምምዱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ እሱ ጥግ ተቀምጦ ሲመለከት ጨዋታውን የሚለማመዱት ቀድመው የቻሉት ናቸው። አኩኩሉም በዚህ ሰዓት ጥሩ ነው፤ «አልነጋም» እየተባለ መጠበቁ ራሱ ትምህርት ነው።

ምት ላይ ቆይታ እናድርግ፤ እዚህ ቤታችን ያለው ሀብት ብዙ ነው። ችክችካ የሚባለውን የዘፈን ምት ልጆቻችን በሠርጉም በልደቱም ሰምተው ስላደጉ ያውቁታል፤ የሚቸግራቸው ማፍታታቱ ነው። ውስጡ ስድስት አጫጭር ምት አለ፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ሁለቱ «አንድ»ዎች ትልልቆቹ ምቶች ናቸው። መጀመሪያ ሁለቱን ትልልቆች በእግር ይርገጡ፤ ቀኝ፣ ግራ። ሁለት ሳምንት እጅ አይነካ። በሦስተኛው ሳምንት እግሩ ሳይቋረጥ ስድስቱን በጣት ጫፍ ጭን ላይ ይምቱ። በአምስተኛው ሳምንት ክፍሉ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ይረግጣል፣ ግማሹ ፕላስቲኩን ያንሿሿል። ከእግር የምትጀምሩት ትልልቁ ጡንቻ ከጣት ቀድሞ ስለሚታዘዝ ነው። ምትን በሙሉ ሰውነት ማስተማርን በስሙ የሚጠራ ዘዴ ያደረገው ስዊዛዊው ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ (1865–1950 እ.ኤ.አ.) ነው፤ እኛ ግን ጨፋሪው መሬቱን እየረገጠ ሲዘፍን ያየን ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ አዲስ አይሆንብንም።

ሁሌም የሚገጥማችሁ ችግር መፍጠን ነው። ልጆች ሲደሰቱ ይፈጥናሉ፣ መምህሯም ሳታውቀው አብራ ትፈጥናለች። «ቀስ በሉ» ማለት አይረዳም። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ከበሮውን በጣት ብቻ ምቱ። ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ፣ ዝም ሲሉ ይመለሳሉ።

ዜማ ሲመጣ ትልቁ ስሕተት አዋቂ በራሱ ድምፅ ልክ መጀመሩ ነው። የ4 እና የ5 ዓመት ልጅ ድምፅ ሳይጨነቅ የሚወጣው ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ሬ እስከ ላ ባለው ጠባብ ስፍራ ነው። ወንድ መምህር በወፍራሙ ሲጀምር ልጆቹ ወይ ያጉረመርማሉ ወይ ይጮኻሉ፤ ከዚያ «ዜማ አይገባቸውም» ይባላሉ። ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩላቸው፤ ወንድ መምህር በቀጭኑ ይዝፈን ወይም ድምፁን በክራር ይስጣቸው። «ጮክ በሉ!» የሚለውን ትእዛዝ ከክፍሉ አውጡት። በጉሮሮው የሚጮኽ ልጅ ድምፁ ይሻክራል። በምትኩ «ድምፃችሁን እዚያ ግድግዳ ላይ ላለው ሥዕል ላኩለት» በሉ፤ ትከሻው ሳይነሣ ይተነፍሳል፣ ድምፁም ይሄዳል። ሻካራነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለአንገት በላይ ሐኪም ይታይ።

የዜማው ምርጫ ከቅኝት ጋር ይያያዛል። ሙሉው ትዝታ (ሜጀር የሚባለው) በአምስቱ ድምፆቹ መካከል የግማሽ ርቀት የለበትም፤ ስለዚህ ልጅ ቢሳሳትም እንኳ ጆሮ አይቆረቁርም። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን ጠባብ ርቀቶች ስላሉበት ለዚህ ዕድሜ ከባድ ነው፤ ይስሙት፣ እንዲዘምሩት ግን አታስገድዱ። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍና ጉኒልድ ኬትማን ለልጆች ባዘጋጁት የሙዚቃ ትምህርት ከአምስት ድምፅ ዜማ መጀመርን የመረጡት ለዚሁ ነው። አውሮፓዊ ልጅ አምስቱን ድምፅ በትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ የኛ ልጅ ግን በእናቱ እሹሩሩ ሰምቶት አድጓል። እንግዲህ በውጭ ቋንቋ የተቀዳ የልጆች መዝሙር ከስልክ ላይ ከመልቀቅ በፊት ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

አውጪና ተቀባይ ያለበት ዜማ ለጀማሪ ከሁሉም ይበልጣል። ነሐሴ ላይ ሆያ ሆዬ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ አበባዮሽ የሚዘፈኑት እንዲሁ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። ዓይን አፋሩ ልጅ በተቀባዮቹ ውስጥ ተደብቆ ለሳምንታት ይቆያል፣ አንድ ቀን ራሱ ያወጣል። የሚወጣው ግጥም በየጊዜው ስለሚቀያየር ልጁ የራሱን ስንኝ የሚጨምርበት ክፍተት አለ። ክፍተቱን ተጠቀሙበት፤ «ዛሬ ቁርስህን ምን በላህ?» በሉና መልሱን በዜማው ውስጥ አስገቡት።

ውዝዋዜ። እስክስታን ለትንንሽ ልጆች ማስተማር ይቻላል፤ ችግሩ ከመጨረሻው መጀመራችን ነው። እንቅጥቅጥና አንገት ማስመታት ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ የልጅ ጭንቅላት ከአንገቱ ጡንቻ አቅም አንፃር ከባድ ነው። ትከሻ ብቻ። ተቀምጠው ይጀምሩ፤ ሲቆሙ ወገባቸውን ወደ ኋላ ስለሚለጥጡ ቁጭ ማለቱ ይህን ይከላከላል። እጅ ወገብ ላይ፣ ትከሻ ወደ ላይ ለሁለት ምት፣ ወደ ታች ለሁለት ምት። ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ቀጥሎ ቀኝና ግራ በየተራ፤ ይኸኛው ከአንድ ወር በፊት አይመጣም፣ ሁለቱን ትከሻ ለያይቶ ማዘዝ ለአእምሮው ከባድ ስለሆነ። ሦስት ነገር እዩ፦ ክርን አብሮ የሚሄድ ከሆነ እንቅስቃሴው ከእጅ ነው፣ ትከሻው ጆሮው ሥር ተጣብቆ ከቀረ ልጁ ጨንቆታል፣ ፊቱ ከቀላ ትንፋሹን ይዟል። ለመጨረሻው መድኃኒቱ «እስ! እስ!» እያሉ መምታት ነው፤ አየሩን በግድ ያስወጣዋል።

ጉልበታቸው ሲተርፍ ወደ ጉራጌ ጨዋታ እለፉ፤ እግሩና ዝላዩ ያደክማቸዋል፣ ከዚያ ለተረት ይቀመጣሉ። በአንድ እግር መዝለል አራት ዓመት አካባቢ፣ እግር እያፈራረቁ መዝለል አምስትና ስድስት ላይ እንደሚመጣ አስታውሱ። የ4 ዓመት ልጅ ካቃተው አልዘገየም፤ ጊዜው አልደረሰም። ስታርሙም ሳትጠይቁ አትንኩ። «ትከሻህን ልንካህ?» ይባላል፤ «እምቢ» ካለ በራሳችሁ ትከሻ ታሳያላችሁ። ይህች ጥያቄ ልጁ ሰውነቱ የራሱ መሆኑን የሚማርባት ናት፣ አትለፏት።

ድራማው ተረት ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ሕፃን ድራማውን ጀምሮታል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ያደረጉት ይኸው ነበር፤ ሰላምታ ሰጥተው መልሱን ይጠብቁ ነበር፣ ቤት ያለው ልጅም ይመልስ ነበር። ትምህርቱ ከመጠበቃቸው ላይ ነው፤ ዝም የምትሉበትን ሰከንድ ለልጁ ስጡት።

ለመጀመሪያው ቀን ሦስት ገጸ ባሕርይ ብቻ ያለው፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ተረት ምረጡ። ጅብ፣ አህያና ጦጣ ይበቃሉ። መጀመሪያ ያለ ሥዕል፣ ያለ ጭንብል በቃል ይነገር። ሁለተኛ ስትነግሩት ሁሉም ልጅ ሁሉንም ይሁን፤ ጅቡ ሲመጣ 12 ጅብ፣ አህያዋ ስትመጣ 12 አህያ። ማንም ስለማይታይ ማንም አያፍርም። በሚቀጥለው ሳምንት ለሦስት ቡድን ይከፈሉ። አንድ ልጅ ብቻውን አንድ ሰው የሚሆንበት ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሳምንት በፊት አይደርስም። ብዙው ክፍል የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን «ማን አንበሳ ይሆናል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። አሥራ ሁለቱም እጅ ያወጣሉ፣ አንዱ ይመረጣል፣ አሥራ አንዱ ያኮርፋሉ።

መምህሯም ትጫወት። እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሂትኮት ያስፋፋችው ዘዴ አለ፤ መምህር ራሷ ከተረቱ አንዷ ትሆናለች። ነጠላዋን በራሷ ላይ አድርጋ «ልጆቼ፣ አህያዬ ጠፍታብኛለች፣ በየት በኩል ሄደች?» ስትል ልጆቹ የሚሰጡት መልስ «ተረቱ ምን ያስተምረናል?» ተብለው ከሚሰጡት መልስ ይረዝማል። እርዳታ የሚለምን ሰው ሁኑ እንጂ የሚያዝዝ ንጉሥ አትሁኑ፤ መፍትሔውን እነሱ እንዲያመጡት። ነጠላው ሲወርድ መምህሯ ተመልሳለች፤ የ4 ዓመት ልጅ ይህን ምልክት በግልጽ ማየት አለበት፣ አለዚያ ይፈራል።

ከሁሉ የምንወደው ግን ቺካጎ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር የነበረችው ቪቪያን ፔሊ ያስለመደችው ነው። ልጁ የራሱን ተረት ይናገራል፣ መምህሯ የተባለውን ቃል በቃል ትጽፋለች፣ በዚያው ቀን በክቡ መካከል ይጫወቱታል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ተረቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መምህሯ አታርምም፤ ልጁ «ጅቡ መኪና ነዳ» ካለ ጅቡ መኪና ይነዳል። ተራኪው የፈለገውን ገጸ ባሕርይ ይሆናል፤ የቀሩት ሚናዎች በክቡ ተቀማጭ ተራ ይደርሳሉ እንጂ በምርጫ አይደለም። «አልፈልግም» ያለ ይታለፋል። መምታትና መውደቅ ሲመጣ በማስመሰል፣ ሳይነካኩ። አንድ የ4 ዓመት ልጅ ያለው ሁሉ «ድመት መጣች፣ ሄደች» ቢሆን እንኳ ይጻፍ፣ ይጫወት። ከሦስት ወር በኋላ ያው ልጅ ድመቷ ለምን እንደሄደች ይነግራችኋል። ቃሉ በወረቀት ሰፍሮ ሲነበብለት ፊደል ለምን እንደሚያስፈልግም ያኔ ይገባዋል። በአንድ ቀን ከሁለት ተረት አይበልጥ፤ የማን ተራ እንደሆነ የሚያሳይ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ አለዚያ ደፋሮቹ ሁሌ ይቀድማሉ።

ስለ ዝምተኛው ልጅ አንድ ነገር። ሦስትና አራት ሳምንት ጥግ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ እየተማረ ነው፤ ቤት ሲገባ ሁሉንም ለእናቱ ያሳያል። አትጎትቱት፣ «ዓይን አፋር ነው» ብላችሁም እፊቱ አትናገሩ፣ ስሙ ሆኖ ይቀራል። ሥራ ስጡት፤ ከበሮውን ይያዝ፣ ነጠላውን ያቀብል፣ ዛፉ ይሁን። እናቱን የማይለቅ ልጅ ካለ እናቱ ለሁለት ሳምንት ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ፤ ስትወጣም ተደብቃ ሳይሆን ተሰናብታው። መስማት የማይችል ልጅ ካለ ከበሮው የእንጨት ወለል ላይ ይቀመጥና ልጁ በባዶ እግሩ ይቁም፤ ምቱን በእግሩ ይቀበላል።

ወላጆች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍል ሙሉውን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ከፈለጋችሁ ሰዓት ያዙ፦ ልጆቹ በ45 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ተንቀሳቀሱ፣ ስንት ደቂቃ ተሰልፈው ጠበቁ? ጥበቃው ከአሥር ደቂቃ ካለፈ ሌላ ፈልጉ። በሩ ለወላጅ ክፍት ነው ወይ፣ ሁለተኛ አዋቂ አለ ወይ፣ የልጆቹ ቪዲዮ ሳይጠየቅ ይለጠፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚያጫውቱበትን ዘፈን ቃሉን ስሙ፤ የአዋቂ ፍቅር ዘፈን ለ5 ዓመት ሕፃን አይሆንም፣ ልጁ ባይገባውም እንቅስቃሴው የአዋቂ ይሆናል። ክፍሉ ለወላጆች ቀን ትርኢት ሲል ከሦስት ሳምንት በላይ ሌላውን ትምህርት የሚያቋርጥ ከሆነም ጥሩ ምልክት አይደለም።

ትርኢት የግድ ካስፈለገ ክፍሉን ክፍት አድርጉት። 25 ደቂቃ ይበቃል። ወላጆች ከክቡ ጀርባ በወንበር ይቀመጡ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ አንድ ሰው ብቻ ይቅረጽና ለሁሉም ያካፍል። ከተለመደው ቅደም ተከተል ምንም አይቀየር፦ የስም ሰላምታ፣ የመቆም ጨዋታ፣ አንድ የአውጪና ተቀባይ ዜማ፣ ከልጆቹ ተረቶች ሁለቱ። ልብስ የየቤታቸው ነው፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ሁለተኛው ተረት ላይ ወላጆች ይነሡና ጅቦቹን እነሱ ይሁኑ፤ የት እንደሚቆሙ የሚያሳዩአቸው ልጆቹ ናቸው።